ቅጠሉ ሌላ፣ ጠርሙሱ ሌላ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም አምስት ጊዜ ደረሰኝ። ሁለቱን የላኩልኝ አክስቶቼ ናቸው፤ አንዱን ደግሞ የሥራ ባልደረባዬ። መልእክቱ ባጭሩ "ክኒን ትታችሁ ወደ ተፈጥሮ ተመለሱ" የሚል ነው። በትንንሽ ጠርሙስ የሚሸጡትን የላቬንደር፣ የባሕር ዛፍ፣ የናናና የዕጣን ዘይቶች ለራስ ምታቱም፣ ለጭንቀቱም፣ ለእንቅልፍ ማጣቱም፣ ለካንሰሩም ያዛል።

አንብቤ ልተወው ነበር። ግን ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ልጇን አዝላ መጣች። ከቦርሳዋ ቡናማ ጠርሙስ አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። 10 ሚሊ ሊትር ትይዛለች። የቅጠል ሥዕል አለባት፤ ከሥሩ "መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ" ይላል። ስለ ዕድሜ፣ ስለ መጠን አንድም ቃል የለም። "እህቴ፣ ልጄን ጉንፋን ይዞብኛል። ይቺን በሙቅ ውሃ ሁለት ጠብታ ላጠጣት ወይስ አፍንጫዋን ልቀባት?" አለችኝ። ልጅቷ ገና የ14 ወር ናት። ጠርሙሷ ውስጥ ያለው የባሕር ዛፍ ዘይት ነው። ከየት ሰማሽ ስላት ስልኳን ከፈተችልኝ። ያው ጽሑፍ ነው።

ስለዚህ መልስ ልስጥ። በመጀመሪያ ግን ጽሑፉ የሚለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ዘይቶቹ ስማቸው እንደሚለው ለሰውነት "አስፈላጊ" ናቸው ይላል። ከተክል ስለተገኙ ጉዳት የላቸውም፤ ለሕፃንም ለነፍሰ ጡርም ይሆናሉ ይላል። አያቶቻችን ለሺህ ዓመታት ሲጠቀሙባቸው የኖሩ ናቸው ይላል። መንፈስን ያረጋጋሉ፣ ሕመም ያስታግሳሉ፤ ስለዚህ የእንቅልፍና የደም ግፊት ክኒን መተው ይቻላል ይላል። የዕጣን ዘይት ካንሰርን ይገድላል ይላል። "ቴራፒዩቲክ ግሬድ" (ለሕክምና የሚሆን ደረጃ) የተባለው ንጹሕ ስለሆነ ይጠጣል ይላል። ይህን ሁሉ ደግሞ የመድኃኒት ኩባንያዎች ደብቀውናል ብሎ ይደመድማል።

ከስሙ ልጀምር። "አስፈላጊ ዘይት" የሚለው የትርጉም ስህተት ነው፤ ጽሑፉም የመጀመሪያ ክርክሩን የሠራው በዚህ ስህተት ላይ ነው። "ኢሴንሻል ኦይል" ሲባል "ኢሴንሻል" የመጣው "ኢሴንስ" ከሚለው ነው። የተክሉ መዓዛ፣ የተክሉ ጭምቅ ለማለት ነው። ቫይታሚን ሲ ካላገኘን እንታመማለን፤ እሱ በእርግጥ አስፈላጊ ነው። የላቬንደር ዘይት በዓይኑ ሳያይ ሰማንያ ዓመት የኖረ ሰው ግን የጎደለበት ነገር የለም። "መዓዛማ ዘይት" ብንለው ይሻላል፤ እኔም ከዚህ በኋላ እንደዚያ ነው የምለው። ዘይት መባሉም ቢሆን ያሳስታል። የኑግ ዘይት ወረቀት ላይ ጠብ ቢል ቅባቱ ይቀራል። መዓዛማ ዘይት ግን አብዛኛው ተንኖ ይሄዳል። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። "ከተክል ስለሆነ ጉዳት የለውም" የሚለው ነው በጣም ያሳሰበኝ።

ዘይቱ እንዴት እንደሚወጣ እንይ። ብዙ ቅጠል ትልቅ በርሜል ውስጥ ይገባል። እንፋሎት ይለቀቅበታል። እንፋሎቱ መዓዛውን ይዞ በቱቦ ያልፋል፤ ሲቀዘቅዝ ውሃው ከታች፣ ዘይቱ ከላይ ይሆናል። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። መንገዱ አንድ ነው። ከ1 ኪሎ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል የሚገኘው ዘይት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ግራም ቢሆን ነው። ያቺ እናት ይዛት የመጣችው ትንሽ ጠርሙስ ቢያንስ የግማሽ ኪሎ ቅጠል ጭምቅ አለባት ማለት ነው።

ጠላም አረቄም ከእህልና ከጌሾ ነው የሚወጡት። ሁለቱም "ተፈጥሯዊ" ናቸው። ጠላን በጣሳ እንጠጣለን፤ አረቄን በመለኪያ። አረቄን በጣሳ ለሕፃን የሚሰጥ ሰው የለም። ቅጠሉና ጠርሙሱም እንደዚያው ናቸው። ጽሑፉ ስለ ቅጠሉ የምናውቀውን ደግነት ሁሉ ወስዶ ሳይቀንስ ለጠርሙሱ ሰጠው።

ይህ በወሬ የማስፈራሪያ ነገር አይደለም። የባሕር ዛፍ ዘይት የጠጡ ሕፃናት ታሪክ በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ በደንብ ተመዝግቧል። አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ፣ ትንሽ ልጅን ያፈዛል፣ ያስመልሳል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ራስን እስከ መሳት ያደርሳል። ካምፎርም እንደዚሁ ነው። ዊንተርግሪን የሚባለውን ዘይት ሽታውን ታውቁታላችሁ፤ ለጡንቻ ሕመም በሚቀቡ ብዙ ቅባቶች ውስጥ አለ። ንጹሑ ዘይት ከሞላ ጎደል ሜቲል ሳሊሲሌት ነው፤ የአስፒሪን ዘመድ። አንድ የሻይ ማንኪያው 20 ያህል የ325 ሚሊ ግራም አስፒሪን ክኒን በአንድ ጊዜ እንደ መዋጥ ነው። እሱም ከቅጠል ነው የሚገኘው።

"እሺ አላጠጣትም፣ አፍንጫዋን ብቀባትስ?" አለችኝ ያቺ እናት። ይህም አይሆንም። ከናና የሚገኘው ሜንቶል ወይም የባሕር ዛፍ ዘይት የሕፃን አፍንጫ ሥር ሲቀባ ጉሮሮው ሊጠብ፣ ትንፋሹ ለአፍታ ሊቆም ይችላል። ትልቅ ሰው "ቀዝቀዝ አለኝ፣ ተከፈተልኝ" የሚለው ነገር ለሕፃን ሌላ ነው። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፤ "ተከፈተልኝ" የሚለው ስሜት ራሱ ሲለካ የአየሩ መተላለፊያ አልሰፋም። ሜንቶል ቅዝቃዜ የሚሰማውን ነርቭ ስለሚቀሰቅስ ነው የሚመስለን። ስሜቱ ደስ ይላል፤ ለትልቅ ሰው ክፋት የለውም። አፍንጫን ግን አይከፍትም።

"ሁለት ጠብታ በብርጭቆ ውሃ" የሚለውን ምክር ደግሞ ቤታችሁ ሆናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ጠብታው ውሃው ውስጥ አይሟሟም። ላይ ተንሳፍፎ እንደ ስስ መስታወት ይዘረጋል። የሚጠጣው ሰው ከንፈርና ጉሮሮ ላይ የሚያርፈው ምንም ያልተበረዘው ዘይት ነው። መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ጠብ የሚያደርጉ ሰዎች ቆዳቸው የሚቃጠለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለትልቅ ሰው ቆዳ ከሆነ በሰሊጥ ወይም በወይራ ዘይት ይበረዛል። በ30 ሚሊ ሊትር 12 ጠብታ ገደማ ቢሆን 2 በመቶ ይሆናል፤ ብዙዎች የሚመክሩትም ይህንኑ ያህል ነው።

ለነፍሰ ጡር ይሆናል የተባለውን በአጭሩ ልለፈው። ጤና አዳም ማሕፀንን እንደሚያነቃቃ ይታወቃል፤ ዘይቱ ደግሞ የቅጠሉ ጭምቅ ነው። የሚጥል በሽታ ላለበት ሰውም የባሕር ዛፍ፣ የሮዝመሪና የካምፎር ዘይት ሕመሙን ሊቀሰቅሱበት ይችላሉ። ጽሑፉ ውስጥ ስለዚህ አንድ መስመር የለም።

ሦስተኛው፣ የአያቶቻችን ጉዳይ። እዚህ ላይ ልቤ ከጸሐፊው ጋር ነው። እኔም ምች ሲመታኝ ዳማ ከሴ ታሽቶ ተቀብቼ፣ ጭማቂውን በቡና ጠጥቼ ያደግኩ ነኝ። ቡና ላይ ጤና አዳም ጣል ሲደረግ ደስ ይለኛል። ይህን የሚንቅ ሰው ሲያጋጥመኝ እከራከረዋለሁ።

ግን "ለሺህ ዓመታት" ሲባል ቆም እንበል። ባሕር ዛፍ እኮ ስሙ ራሱ ይናገራል። ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ነው። አገሩ አውስትራሊያ ነው፤ ወደ እኛ የመጣው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ የአዲስ አበባ የማገዶ ችግር ሲበረታ ነው። ላቬንደርም ከሜዲትራንያን አካባቢ የተገኘ ተክል ነው። አያቴ ላቬንደር የሚባል ነገር ሰምታ አታውቅም። የጥንት እውቀታችንን ለማክበር ብለን የትናንቱን ሁሉ ጥንታዊ ባናደርገው ጥሩ ነው።

ከዚያ ደግሞ አያቶቻችን የተጠቀሙት ቅጠሉን ነው። ቅጠሉን ቀቀሉ፣ አሹ፣ አጨሱ። ልክ ነበራቸው። ኮሶን አስቡት። ከእሱ በላይ ተፈጥሯዊ መድኃኒት የት አለ? ሆኖም ኮሶ የሚጠጣበት መጠን፣ ቀንና ሁኔታ ነበረው፤ ሲበዛ እንደሚጎዳ ሁሉም ያውቅ ነበር። ለእርጉዝ አይሰጥም ነበር። አያቶቻችን "ተፈጥሮ ስለሆነ እንዳሻህ" አላሉም። ይህን ያለው የጠርሙሱ ማስታወቂያ ነው።

የለመድነውም ቢሆን ሁልጊዜ ያለ አደጋ አይደለም። ታናሽ ወንድሜ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ጉንፋን ይዞት ባሕር ዛፍ ሊታጠን ብርድ ልብስ ለብሶ ድስት ላይ አጎነበሰ። ሲያስለው ድስቱን በጉልበቱ ነካው። የፈላው ውሃ ጭኑ ላይ ተገለበጠ። ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ ጠባሳው ግን አልጠፋም። በየአገሩ የቃጠሎ ሐኪሞች ስለዚህ ነገር ደጋግመው ያስጠነቅቃሉ። እናቴ ከዚያ ቀን በኋላ ልጅ እንዲታጠን ፈቅዳ አታውቅም።

አራተኛው ነጥብ ላይ ጽሑፉ ግማሽ እውነት አለው፤ ግማሹን ሳላስቀር እሰጠዋለሁ። መዓዛ ሰውን ያረጋጋል። ቡና ሲቆላ፣ ዕጣን ሲጨስ ትከሻችን ወረድ ይላል፤ ይህ ምናብ አይደለም። የሽታ ነርቭ ስሜትንና ትዝታን ከሚይዘው የአንጎል ክፍል ጋር በቅርብ የተገናኘ ነው። ለዚህ ነው አንድ ሽታ የልጅነት ቤታችንን በአንድ አፍታ የሚመልሰው። ደክሞት የገባ ሰው መብራት ቀንሶ፣ ስልኩን አስቀምጦ፣ ላቬንደር እየሸተተው አረፍ ቢል እሰየው ነው የምለው። ትንሽ አየር የሚገባበት ክፍል ይሁን፤ አስም ያለበት ሰውም ቤት ውስጥ ካለ ይቅር። ማንኛውም ጠንካራ ሽታ አስምን ሊቀሰቅስ ይችላል።

ከዚህም አልፎ በሙከራ የተደገፉ ነገሮች አሉ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ 10 በመቶ የናና ዘይት ያለበት የአልኮል ውሕድ ግንባር ላይ ተቀብቶ፣ ለተለመደው ውጥረት ወለድ ራስ ምታት ከ1000 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ጋር ተወዳድሯል። የጎላ ልዩነት አልታየም። እኔም ራሴን ሲያመኝ አንዳንዴ የናና ቅባት ግንባሬን እቀባለሁ። አይቢኤስ ለሚባለው የአንጀት ሕመምም የናና ዘይት በካፕሱል ይሰጣል፤ ካፕሱሉ ጨጓራ ውስጥ ሳይሆን አንጀት ሲደርስ እንዲሟሟ ሆኖ የተሸፈነ ነው። ሲሌክሳን የሚባል የላቬንደር ዘይት ካፕሱልም አለ፤ 80 ሚሊ ግራም ነው፤ ለጭንቀት ተሞክሮ ጥሩ ውጤት አሳይቷል።

እነዚህን ልብ ብላችሁ እዩዋቸው። ሁሉም ልክ አላቸው። መጠኑ ተለክቷል፤ ለየትኛው ሕመም፣ ለስንት ጊዜ፣ ለማን እንደሆነ ታውቋል። ካፕሱሉ ሠራ ማለት ከጠርሙስ በማንኪያ መጠጣት ይሠራል ማለት አይደለም። ለመለስተኛ ራስ ምታት ረዳ ማለትም ለሁሉም ሕመም ይሆናል ማለት አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የሚያቅለሸልሻቸው ሰዎች መርፌ ከመወጋታችን በፊት ቆዳችን የሚጠረግበትን የአልኮል ጥጥ ሲያሸቱ ማቅለሽለሹ ቀለል እንደሚላቸው በጥናት ታይቷል። የአልኮል ጥጥ ላይ የቅጠል ሥዕል የለም። ስለዚህ ማሽተት ሲያስታግስ የሚያስታግሰው "ተፈጥሯዊ" የሚለው ቃል አይደለም።

የደም ግፊቱ ጉዳይ ግን ያስፈራኛል። ጽሑፉ አንድ ሰው ላቬንደር አሽትቶ ግፊቱን ሲለካ ወርዶ እንዳገኘው ይናገራል። ሊሆን ይችላል። አምስት ደቂቃ ቁጭ ብሎ ቀስ ብሎ የተነፈሰ ሰውም ይወርድለታል፤ እኛም ከመለካታችን በፊት ሰውን የምናስቀምጠው ለዚህ ነው። የግፊት መድኃኒት የሚወሰደው ግን ለዛሬዋ አምስት ደቂቃ አይደለም። ስትሮክ፣ የልብና የኩላሊት ድካም እንዳይመጣ ለወራትና ለዓመታት ነው። ግፊት ደግሞ ብዙ ጊዜ አያምም። ክኒኑን ያቆመ ሰው "ደህና ነኝ" እያለ ይቆይና አንድ ጠዋት ግማሽ አካሉ አይታዘዘውም። አንዳንዱ የግፊት መድኃኒት በድንገት ሲቆም ግፊቱ ከበፊቱ በላይ ይፈናጠራል። ላቬንደሩን ከወደዳችሁት ሽቱት፤ ክኒኑን ግን ዋጡ።

ጽሑፉ የፈረንሳዊውን ኬሚስት የረኔ ሞሪስ ጋትፎሴን ታሪክም ያነሳል። በ1910 እ.ኤ.አ. ቤተ ሙከራው ውስጥ ሲቃጠል እጁን ላቬንደር ዘይት ውስጥ ነክሮ ወዲያው ዳነ ይላል። ሰውዬው "አሮማቴራፒ" (በመዓዛ ማከም) የሚለውን ቃል ያወጣ ነው፤ በ1937 እ.ኤ.አ. በዚሁ ርዕስ መጽሐፍ አሳትሟል። ግን እሱ ራሱ የጻፈው ሌላ ነው። እሳቱን ያጠፋው ሣር ላይ ተንከባሎ ነው። ላቬንደሩን የተጠቀመው በኋላ እጆቹ ሲመረቅዙ ቁስሉን ለማጠብ ነው። ያን ጊዜ ፔኒሲሊን ገና አልተገኘም ነበር። የእሱ ታሪክ ሳይጋነንም ያስደንቃል፤ በተአምር መተካት አያስፈልገውም ነበር።

ካንሰሩ ላይ ዕጣን ተነስቷል። ዕጣን የኛ ነው። ከመተማና ከትግራይ በረሃ ዛፉ እየተጠረበ የሚሰበሰበው ሙጫ ዓለም ሁሉ ይፈልገዋል። ስለዚህ ይህን ክፍል ያነበበ ኢትዮጵያዊ ቢኮራ አልፈርድበትም። ሆኖም ሳይንሱ እንዲህ ነው። በዕጣን ላይ ከሚደረጉት ጥናቶች ብዙዎቹ ያተኮሩት ቦስዌሊክ አሲድ በሚባሉ ንጥረ ነገሮች ላይ ነው። እነዚህ ከባድ ስለሆኑ በእንፋሎት አይወጡም። ሙጫው ውስጥ ይቀራሉ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው መዓዛማ ዘይት እነሱ የሉበትም ማለት ነው። ጽሑፉ ስለ ሙጫው የተጠናውን ለዘይቱ ሰጥቶታል።

"ቤተ ሙከራ ውስጥ የካንሰር ሴሎችን ገደለ" የሚለውም ብቻውን ብዙ አይናገርም። ሳህን ላይ ያለ የካንሰር ሴል በረኪና ብታፈሱበትም ይሞታል። ጥያቄው ሰውነት ውስጥ ገብቶ፣ ጤነኛውን ሴል ሳይነካ፣ በሚበቃ መጠን ደርሶ ይሠራል ወይ የሚለው ነው። ለዕጣን ዘይት ይህን ያሳየ የለም። ደስ የሚል ነገር ልጨምር፤ በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ኢንሴንሶል አሲቴት የተባለ የዕጣን ንጥረ ነገር አይጦችን እንዳረጋጋ ታይቷል። በአይጥ ነው፤ በሰው ገና ነው። ቢሆንም ዕጣን ሲጨስ ለምን እንደምንረጋጋ ፍንጭ ይሰጣል። ስለ ዕጣን ልንኮራ ከሆነ በዚህ እንጀምር።

"ቴራፒዩቲክ ግሬድ" የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። ይህን ደረጃ የሚሰጥ ነጻ ተቋም የለም። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አይሰጥም። ሻጮች ራሳቸው ያወጡት የገበያ ስም ነው። ንጹሕ መሆኑ ደግሞ ይጠጣል ማለት አይደለም፤ ንጹሕ የባሕር ዛፍ ዘይት ከተበረዘው ይልቅ ነው የሚጎዳው። ይኸው ባለሥልጣን በ2014 እ.ኤ.አ. ምዕራብ አፍሪካ በኢቦላ ስትታመስ፣ አከፋፋዮቻቸው መዓዛማ ዘይት ኢቦላን ይፈውሳል እያሉ ስላስተዋወቁ ሁለት ትልልቅ የአሜሪካ ሻጮችን በደብዳቤ አስጠንቅቋል። "ሁሉን ይፈውሳል" የሚለው ቋንቋ ከየት እንደመጣ ማወቅ ጥሩ ነው።

ኩባንያዎች ደበቁን ለሚለው አንድ ምሳሌ ይበቃል። አርቴሚሲኒን የሚባለው የወባ መድኃኒት ከቅጠል የወጣ ነው። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ ለዚህ ግኝቷ በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝታለች። ከዚሁ ዘር የሆነው ኮአርተም በየገጠሩ ጤና ጣቢያ ይሰጣል፤ እኛም ጋ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዋና የወባ መድኃኒት ሆኗል። ቅጠሉ ተፈተሸ፣ ተለካ፣ ሠራ፣ ወደ ሕዝብ ደረሰ። የናናውና የላቬንደሩ ካፕሱልም መድኃኒት አምራቾች የሚሸጡት ነው። ተደብቆ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር።

ጸሐፊው የጻፉት ሰው ለመጉዳት አይመስለኝም። መድኃኒት ተወዷል። ሐኪም ፊት የሚቆዩባት ጊዜ አጭር ናት። ሰው ቤቱ ውስጥ፣ በገዛ እጁ የሚያደርገው ነገር ቢፈልግ አይፈረድበትም። በዚህ ላይ እንስማማለን።

ያቺን እናት ጠርሙሷን ልጅ የማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ እንድታስቀምጥ ነገርኳት። ለአፍንጫዋ የጨው ውሃ ጠብታ ሰጠኋት። ትንፋሿ ከፈጠነ፣ ጡት ካልጠባች ወይም ትኩሳቱ ካልወረደ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጃት አልኳት። ልጅ ምናልባት ከጠርሙሱ ቢጠጣ ደግሞ እንዲያስመልሰው ጣት አይከተት፤ ወተትም አይሰጠው። ዘይቱ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ጠርሙሱን ይዞ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው።

ጸሐፊውን አንድ ነገር እለምናለሁ። በጽሑፍዎ መሃል "ለሕፃናት፣ ሁለት ጠብታ" የሚል መስመር አለ። እባክዎ እሱን ዛሬውኑ ያንሱት። በቀረው እንከራከራለን።